አገጩ አይነካም

ለምወድሽ አክስቴ፦

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ? ያ ቀኝ ትከሻሽ አሁንም ቀኑን ሙሉ ከካውያ ጋር ሲታገል ይውላል ወይስ የላውንደሪው ባለቤት ቃሉን ጠብቆ አጋዥ ቀጠረልሽ? የጎረቤትሽ ድመትስ ዛሬም በመስኮት እየገባች የተተኮሰ ልብስ ላይ ትተኛለች? ሁሉንም ጻፊልኝ። «ደህና ነኝ» በምትል አንዲት ቃል እንዳትገላገዪኝ።

እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ «ከናፍቆትሽ በቀር» ይላል፤ ናፍቆቱስ እኔም ዘንድ አለ፤ በዚህ ሰሞን ግን ከናፍቆቱ የባሰብኝ ንዴቱ ነው። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ተውኩት። አንቺ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ፣ ሒሳብሽን አትጨርሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። ተናደሽ ብትወረውሪው እንኳ ቆይተሽ ታነሺዋለሽ፤ አውቅሽ የለ።

ስለ ሥራዬ በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። ስትጠይቂኝ «ኮምፒውተር ላይ ነው» እልሻለሁ፣ አንቺም «ዓይንሽን ጠብቂ» ትይኛለሽ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን ካልነገርኩሽ የሚቀጥለው አይገባሽም። የምንሠራው የቪዲዮ ጌም ነው። ሰዎች በስልካቸው ወይም በቴሌቪዥናቸው የሚጫወቱት፣ ውስጡ ያለውን ሰው በጣታቸው እያዘዙ የሚያስሮጡበት፣ የሚያስዘልሉበት ጨዋታ። እዚያ ውስጥ የሚሮጡትን ሰዎች የምፈጥራቸው እኔ ነኝ። ቁመታቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ሲናደዱ ቅንድባቸው እስከ የት እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። «እግዜር ሥራ በዛበትና ላንቺ ተወልሽ በይኛ» ብለሽ ስትስቂ ይታየኛል።

ቢሯችን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ የሞተር ዘይት ይሸታል፤ ውስጥ ስትገቢ ደግሞ የሞቀ ኮምፒውተር። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ምንም ስለማይታየን መስኮቶቹን በካርቶን ሸፍነናቸዋል። የሱቁ ሰዎች ወንጀለኞች ነን ብለው ለረጅም ጊዜ ሲጠረጥሩን ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት አለ ብልሽ አላጋነንኩም። አንደኛው ሃይማኖት «ቁርጥ ሰው ይምሰል» ይላል። የቆዳው ቀዳዳ ይታይ፣ የከንፈሩ ስንጥቅ ይታይ፣ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ይታይ። ሁለተኛው የእኔ ነው። ከሰውየው ላይ ዋናውን ነገር ትይዢያለሽ፣ ሌላውን ትጥያለሽ፣ የያዝሽውን ደግሞ እስኪበቃው ታጋንኚዋለሽ። ትከሻው ሰፊ ከሆነ በር የማያሳልፈው ታደርጊዋለሽ። ሴትየዋ ወሬ ወዳድ ከሆነች ከፊቷ ግማሹ ጆሮ ይሆናል። እማዬ ይህን ሥራዬን ካየችበት ቀን ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ሰው አይመስሉም።» ጭንቅላቱ ዱባ፣ እግሩ ክብሪት፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ትለኛለች። ይህን አባባሏን ያዢልኝ።

አሁን የያዝነው ጌም ስለ አንዲት ልብስ ተኳሽ ሴት ነው። አዎ። አትቆጪ፣ ጨርሰሽ አንብቢ። ከተማው ዳገት በዳገት ነው። ሴትየዋ ልብስ ትተኩስና በየቤቱ ታደርሳለች። ነፋስ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ጭቃ የሚረጭ መኪና አለ፣ ዘሩ የማይታወቅ ክፉ ውሻ አለ። ተጫዋቹ ልብሱን ሳይጨማደድ ባለቤቱ እጅ ማስገባት አለበት። ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ዩኒፎርሜን ተኩሰሽ በፖስታ ትልኪልኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ተጨማዶ ነበር የሚደርሰኝ። እንደሚጨማደድ እያወቅሽ በየዓመቱ ትተኩሺው ነበር። ያ ነገር ከሆዴ ወጥቶ አያውቅም።

ሐሳቡን መጀመሪያ ለአለቃችን ስነግረው «ስለ አንዲት ተኳሽ ሴት ነው» ብዬ ጀመርኩ። ዓይኑ ቦግ አለ፤ ጠመንጃ መስሎት ነው። ካውያ መሆኑን ስነግረው የሆነውን ፊት ብታዪ ሳምንት ሙሉ ትስቂ ነበር። ደግነቱ ራሱም ስቆ ሲጨርስ ወደደው።

ሴትየዋን «እትዬ» አልናት። የሳልኳት አንቺን ነው። አላስፈቀድኩሽም፣ ይቅርታም አልጠይቅሽም፤ ባስፈቅድሽ «እኔን ምን አለኝ ብለሽ» ትዪኝ ነበር። ቀኝ ትከሻሽ ከግራው ዝቅ ያለውን ወሰድኩ። አንድ እግርሽ ላይ ክብደትሽን ጥለሽ የምትቆሚውን ወሰድኩ። እጅሽ ባዶውን ሲሆን እንኳ ካውያ እንደያዘ ጭብጥ የሚለውን ወሰድኩ። ከሁሉም በላይ አገጭሽን ወሰድኩ። ሰው ክፉ ሲናገርሽ አፍሽን ትዘጊና አገጭሽን ቀና ታደርጊያለሽ፤ መልስሽ እሱ ነው። እማዬ ስትጮህብሽ እንዲያ ሆነሽ ስትቆሚ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሥዕሉ ላይ አገጭሽን ከልክ በላይ አወጣሁት። እትዬ ዳገቱን ስትወጣ አገጯ ይቀድማል፣ ሌላው ሰውነቷ እየተጎተተ ይከተላል። ቢሮው በሙሉ ወደዳት።

ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ወጪያችንን የሚሸፍነው ሰውዬ መጥቶ አየ። አልተዋጠለትም። ሰው የሚያለቅሰው ለሰው ነው እንጂ ለካርቱን አይደለም አለ። እውነተኛ ሴት ትሁን፣ ወጣት ብትሆን ደግሞ አይከፋም አለ። አለቃ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ምን ያድርግ። እትዬን ከእኔ ወሰደና ፎቶ ለምንለው ባልደረባዬ ሰጠው። ፎቶ የተባለው ፎቶግራፍ ፊቱ ካልተቀመጠለት አንዲት መስመር ስለማያሰምር ነው። የመጀመሪያው ሃይማኖት ሊቀ ካህናት በይው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁም የተባረከ ነው፤ ግን በክርክር ያደርቅሻል።

ፎቶ እንደ ልማዱ የሴትየዋን ፎቶግራፍ አምጪ አለኝ። ያንቺ ያለኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ በራችን ላይ ሁላችንም ቆመን የተነሳነው፣ አንቺ ጠርዙ ላይ ያለሽበት። አጉልቶ አየው፣ አሳንሶ አየው። አንድ ጊዜ አንቺን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና አክስትሽ ናት? ምንም አትመሳሰሉም አለኝ። እውነቱን ነው። አንቺ ጠይም፣ እኔ ቀይ፤ የአንቺ ዓይን ጠበብ ያለ፣ የእኔ ፍጥጥ ያለ፤ የአንቺ ጸጉር ወደኋላ የተሰበሰበ፣ የእኔ እንደፈለገ የሚሆን። በእናትሽ ነው የወጣሽው አለኝ፤ እሷም ቀይ ናትና። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል አልኩት።

ፎቶው ደብዛዛ ስለሆነበት ትቶት አንዲት የማስታወቂያ ሞዴል አስመጣ። ዙሪያዋን በካሜራ ከበው አነሷት። ከሳምንታት በኋላ አዲሷን እትዬ አመጣልን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳያት ቀናሁ። የእጇ ጅማት ይታያል። ዝናቡ ጸጉሯን አርሶ በአንገቷ ሲወርድ ያንቺንም አንገት የሚበርደው ይመስልሻል። እንዲህ ያለ ሥራ መናቅ ነውር ነው፤ አልናቅኩትም። ግን አክስቴ፣ ይቺ ሴት ካውያ ይዛ አታውቅም! ዳገቱን የምትወጣው ሠርግ እንደተጠራች ነው። ዓይኖቿ ውስጥ ብርሃኑ ሁሉ አለ፤ ሰው ግን የለም። አለቃና ፎቶ ስለ ሽፋሽፍቷ ሲያወሩ እኔ ደሜ ፈላ። እስቲ ሁለቱንም ጥቁር ቀብታችሁ ግድግዳው ላይ አሳዩኝ አልኩ።

ይህ በእኛ ሥራ የታወቀ ፈተና ነው። የሳልሽውን ሰው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ትቀቢዋለሽ፤ ዓይን የለ፣ ልብስ የለ፣ ቀለም የለ፣ ጥላው ብቻ ይቀራል። ጥላው ማን እንደሆነ ካልነገረሽ ሰውየው ገና አልተፈጠረም ማለት ነው። ፕሮጀክተሩን አበሩ። መጀመሪያ የፎቶን እትዬ ከጌሙ መንገደኞች መካከል አቆምናት፤ ሁሉም ጥቁር። የትኛዋ ናት? አልኳቸው። አለቃ ፈለገ፣ አጣ። ፎቶ ራሱ በሙሉ ልብ ጣቱን ቀሰረ፤ የቀሰረው አትክልት ሻጯ ላይ ነበር። ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ የእኔን እትዬ አስገባናት። ማንም አልፈለገም። ሁሉም በአንድ ጊዜ «ያቻት» አሉ።

እዚህ ላይ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን ታውቂኝ የለ፣ አሸንፌም አልበቃኝም። አንገቷ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ላሳያቸው ተነስቼ በፕሮጀክተሩ ፊት አለፍኩ። ፎቶ ከኋላዬ «ይቺማ ሰው ሳትሆን የካውያ ማስቀመጫ ናት» አለ። በጎን ዞርኩ። አፌን ዘግቼ አየሁት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ሆኑ ብዬ ወደ ግድግዳው ስዞር ጥላዬ ከእትዬ ጎን አርፏል። ግንባሩ ያው፣ የአንገቱ አወጣጥ ያው፣ አገጩ ያው። አንዱን ሌላው ላይ ብታስቀምጪው ካጋነንኩት በቀር የሚተርፍ የለም። አለቃ «ሁለት እትዬ መጣብን» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ፎቶ ብቻ መሳቁን አቆመ። መልክ ማመሳሰል እንጀራው ነው። አንቺ ራስሽን ነው እንዴ የሳልሽው? አለኝ። አይ፣ አክስቴን ነው አልኩት። ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየና፣ ቀለማችሁ ነው ያታለለኝ አለ። ቀለሙ ሲወጣለት አጥንቱ ቀረ አለ።

አንቺ አሁን «የእህት ልጅ አክስቷን ብትመስል ምን ይገርማል» ትያለሽ። እኔም ያን ቀን ለራሴ ያልኩት ያንኑ ነው። አባዬም ነፍሱን ይማረውና ስለ አገጬ ሲነሳ «የእኔ ወገኖች አገጭ ነው» ይል ነበር። የአባዬን ወገኖች አንድ ሳይቀር አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ አገጭ ያለው አንድም ሰው የላቸውም። ያኔ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። ከሰዉ ጋር ሳቅኩና ተቀመጥኩ።

አለቃ በፈተናው ተሸንፎ የእኔን እትዬ መለሰልኝ። ግን አንድ ነገር ብቻ አስተካክዪልኝ አለ፦ አገጯን። ትዕቢተኛ ትመስላለች አለኝ። ሰው የሚያዝንላት ሴት ነው የምንፈልገው፤ አገጩን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቢው፣ አንገቷን ትንሽ ደፋ አድርጊያት፣ ባለገንዘቡም ደስ ይለዋል አለ። ማንም እንዲያዝንላት አልሳልኳትም አልኩት። እስከ ሰኞ አስቢበት፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ያስገባዋል አለኝ። እስከዚያ ሰዉ ምን እንደሚል ይታይ ብሎ ሥዕሉን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን በላሽ የለ። የማንን መልክ ነው አደባባይ ያወጣሽው? አለችኝ። አንዱ ዘመድ ሥዕሉን በስልኩ አሳይቷት ኖሯል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዕድሜ ልክሽን «ሰው አይመስሉም» ስትዪኝ ኖረሽ ዛሬ ገና አንዷ ሰው መሰለችልሽ? አልኳት። አልሳቀችም። አውርጂው አለች። የብዙ ሰው ሥራ ነው፣ እንደፈለግኩ አላወርደውም አልኳት። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። እማዬ እኔን ስትለምን ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ሰማሁ። እሺ አገጩን ብቻ ቀይሪው፣ ስለ እኔ ብለሽ፣ አገጩን ብቻ አለችኝ።

ለምን? አልኳት። ሰው ምን ይላል? አለች። ምን ይላል? አልኩ። የቧንቧውን ውሃ ዘጋሁት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ነገረችሽ አይደል? ምላልኝ ነበር እኮ! መጽሐፍ ይዛ ምላልኝ ነበር!» አለች። ምን ብላ ነው የማለችልሽ? ብዬ ስጮህ ስልኩ ተዘግቷል።

ልብሱን ውሃ ውስጥ ትቼው ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባል የለ፤ አዞርኩ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አንቺም ገና እኛ ቤት ትኖሪ ነበር። አንቺና እኔ ሳሙና ገዝተን አምሽተን ተመልሰን እማዬ በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም ትቆጣናለች። ሁለታችንም መልስ አንሰጥም። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ነርስ ከሥራ ስትመለስ አየችንና በሳቅ ልትሞት ደረሰች። ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ቁርጥ አንቺን እኮ ናት፣ ሁለት አገጭ ደጃፉን ዘግቶት! አለችሽ። እኔ ደስ ብሎኝ እጅሽን ያዝኩ። አንቺ እጅሽን ቀስ ብለሽ አወጣሽው። እማዬ ያን ቀን እራት አልበላችም። ወሩ ሳያልቅ ዕቃሽ በሻንጣ ሆነ። ሥራ ተገኘላት፣ ሩቅ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን መጥተሽ አድረሽ አታውቂም። አንድ ጊዜ ለምን እንደማትመጪ ስጠይቅሽ «ዝም አይነቅዝም» አልሽኝ። አይነቅዝም ይሆናል አክስቴ። ይሻግታል ግን።

ይህን ሁሉ አስቤ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? መጀመሪያ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ሁላችሁም ተራ በተራ ደርሷችኋል። አባዬን እንኳ በመቃብሩ ተቆጣሁት፤ ከዚያ ግን ያን የውሸት አገጭ ለእኔ ብሎ ከወገኖቹ መበደሩ ትዝ ሲለኝ አሳዘነኝ። አንቺ ላይ ስደርስ ንዴቱ አለቀብኝ። ያ የዩኒፎርም ነገር ትዝ ይለኛል፤ አለቀሰች በይኝ። ካለቀስኩ በኋላ ልብሱን አጥቤ ጨረስኩና አሰጣሁት። እና ሰኞን ጠበቅኩ።

ሰኞ አለቃን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ አገጩ አይነካም አልኩት። ምክንያት ስጪኝ አለ። ሰጠሁት። ዝናቡና ጉሙ ሲመጣ ተጫዋቹ እትዬን የሚያገኛት በአገጯ ነው፤ እሱን ካስገባነው ፎቶ እንደሠራት ሴት መንገደኛው ውስጥ ትጠፋለች አልኩት። ሌላስ? አለኝ። ሌላው የራሴ ነው አልኩት። ግራ ገባው። ዓይኔን አይቶ መሰለኝ አልገፋበትም። ፎቶ ከላይ ሆኖ ይሰማን ኖሯል፤ በደረጃው አጥር ላይ ተደግፎ «እኔ ብሆን አልነካውም» አለ። ያ ሁሉ ክርክር ባንድ ቃል ተወራረደልኝ። አለቃ ሁለታችንንም አየና፣ ብንከስር ባንቺ ነው አለኝ። በእኔ ይሁን አልኩት። ከዚያ ወዲያ አገጩን ያነሳብኝ የለም። ባለገንዘቡ ገና አልመጣም፤ ሲመጣም የማወራው ያንኑ ነው፤ ሥራዬን ቢያሳጣኝም ፍንክች አልልም።

ማክሰኞ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። በሩን ስትከፍት ፊቷ አብጧል፤ ሳትተኛ የከረመች ትመስላለች። ምንም ልጠይቅሽ አልመጣሁም አልኳት። አሳድገሽኛል፣ ስታመም አጠገቤ ተቀምጠሻል፣ አስተምረሽኛል፤ ይህን ማንም አይክድብሽም፣ እኔ ቀድሜ እመሰክርልሻለሁ አልኳት። ግን ያቺ ሴት አንገቷን አትደፋም። አንድ ጊዜ ደፍታ ስንት ዓመት ሆናት፤ እኔ በምስላት ሥዕል ላይ እንኳ አትደፋም አልኳት። እማዬ አለቀሰች። ለአንቺም ለእሷም ብዬ ነው፣ የዚያን ጊዜ ሰዉ ምን ዓይነት እንደነበር አታውቂም፣ መንገድ ላይ አያስኬዷትም ነበር አለች። ሰማኋት። ደግሞም አመንኳት። አብሬያት አለቀስኩ። ስወጣ ታዲያ አገጩስ? አለችኝ። አገጩ አይነካም እማዬ አልኳት። በሩን ያለ ቁጣ ነው የዘጋችው፤ ይህን እንድታውቂላት ብዬ ነው።

ሥዕሉን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ስታዪው መጀመሪያ «እኔ እንዲህ ነኝ?» ማለትሽ አይቀርም። ነሽ። እጅሽን መንጠቆ አስመስዬዋለሁ፣ ወገብሽን አጥፌዋለሁ፣ እግርሽን አሳጥሬዋለሁ፤ እንደዚያም ሆነሽ ከማስታወቂያዋ ሞዴል አንቺ ታምሪያለሽ። ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ላውንደሪ ውስጥ ብትሰቅዪው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

አሁን ዋናውን ልበልሽ። ከአንቺ ምንም አልጠይቅም። መጽሐፍ ይዘሽ ምለሻል፤ መሐላሽን አላስፈርስሽም። አፍሽ እንደተዘጋ ይሁን። እኔ ግን አልማልኩም፤ ማንም አላስማለኝም። በሚቀጥለው ወር እረፍት አወጣለሁና እመጣለሁ። አምሽቼ ከጓሮ በር የምገባ እንዳይመስልሽ፤ በቀትር፣ ደንበኛው ሁሉ በተሰለፈበት ሰዓት፣ በፊት ለፊት በር ነው የምገባው። ባለቤቱ ይቺ ማን ናት ብሎ ሲጠይቅሽ አንቺ ቀና ብለሽ አትመልሺለት፤ ልብስሽን ተኩሺ። እሱን እኔው እነግረዋለሁ።

እስከዚያው እንፋሎቱ ዓይንሽን አይንካው። ለወገብሽ ዕረፍት፣ ለእጅሽ ብርታት ይስጥልኝ። የለፋሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቁም፤ ያየሽው ሁሉ ደግ ይሁን። ድመቷንም አታባሪያት፤ ሙቀት ፈልጋ ነው።

ልጅሽ